ዘፋኝ ሲዘፍን ጥሩምባ ዝም ይላል

ሮማ ውስጥ ሐሙስ ከምሳ በኋላ የእኛ ሰዎች ቀን ነው። በየሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች በሳምንት የሚለቀቁት ያን ግማሽ ቀንና እሑድን ብቻ ስለሆነ፣ የትራምፔት ትምህርቴን በእነዚህ ሁለት ቀናት አድርጌው ነበር። ልጆቹ ፊት ለፊት ቆመው ይነፋሉ፤ እናቶቻቸው ኋላ ወንበር ይዘው ሹራብ ይሠራሉ፣ ስለ ፔርሜሷቸው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያንቀላፋሉ። በትራምፔት ጩኸት መሐል እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ምን ያህል እንደደከመ የገባኝ እነሱን አይቼ ነው።

የምናስተምርበት ቦታ ኤስኲሊኖ ሠፈር ውስጥ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ቄሱ፣ “ግድግዳው ወፍራም ነው፤ እንደፈለጋችሁ ንፉ” ብለው ያለ ኪራይ ሰጡን። ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉት። መስኮቶቹ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆኑ ከውስጥ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ። ትራምፔት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በወታደር የሙዚቃ ክፍል ነው፤ አብዮቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ለቀበሌ ኪነት ልጆች የሰልፍ ዜማ አስተምር ነበር። ለትምህርት ሮማ መጣሁና መመለሱ አስፈርቶኝ ቀረሁ። ጧት እማራለሁ፣ ማታ ሪስቶራንቴ ሳህን አጥባለሁ፣ ሐሙስና እሑድ መምህር ነኝ። ሰሌዳ ላይ በተራ በተራ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ ካላስረዳሁ የሠራሁ አይመስለኝም። ልጆቹ፣ “ጋሼ፣ ዛሬ መንፋት አለ ወይስ ማስረዳት ብቻ ነው?” ይሉኝ ነበር።

ተማሪዎቼ አራት ናቸው፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ከወንዶቹ ረጅሙ ቀልደኛ ነው፤ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ “ማኤስትሮ” ይለኛል። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አንድ ፔንሲዮኔ፣ ማለትም ትንሽ ሆቴል፣ ክፍል ታጸዳለች። ልጅቷ ያደገችው ከመነኮሳት ዘንድ ስለሆነ ጣሊያንኛዋ ከአማርኛዋ ይፈጥናል። ሰው ፊት አታወራም፤ ትራምፔቱን ስታነሳ ግን የሚቀድማት የለም።

በመከር ወራት አንድ ሐሙስ፣ የሴት ጫማ መስኮታችን ላይ መጥቶ ቆመ። ጎኑ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ የተገዛ አረንጓዴ ቅጠል የሚታይበት ፌስታል ተቀመጠ። አንድ ዘፈን አልቆ ሌላ ጀመርን፤ ጫማው አልሄደም። በኋላ የጫማው ባለቤት ደረጃውን ወርደው መጡ፦ አጭር፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት።

“ውይ፣ እኔ ጋ የሚሠሩት ናቸው!” አለች የልጅቷ እናት ከኋላ። “የፔንሲዮኔው ወጥ ቤት ናቸው። የታይላንድ ሰው ናቸው። ግቡ፣ ግቡ፣ እትዬ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁላችንም እትዬ ሆኑ።

እትዬ ጣሊያንኛ ብዙ አያውቁም፤ እኔም ያን ጊዜ ያው ነበርኩ። ግን ሁለት እንግዶች በሰው ቋንቋ ሲግባቡ ስለማይተፋፈሩ፣ ነገሩን ቶሎ ጨረስነው። በወጣትነታቸው አገራቸው ውስጥ ዘፋኝ ነበሩ። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና እየተዘዋወረ፣ አጨዳ ሲያልቅ በየገበሬው መንደር የሚጫወት የሙዚቃ ጓድ ነበራቸው። ዘፈኑ ሉክ ቱንግ ይባላል፤ የማሳ ልጅ ማለት ነው። የሚዘፈነው ስለ ሩዝ እርሻ፣ ከተማ ለሥራ ሄዳ ስለ ቀረች ልጅ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ድርቅ ነው። ያጀባቸው የነበረው ደግሞ ትራምፔት ነው፣ አራትና አምስት ሆኖ ባንድ ላይ። ሮማ ከመጡ ወዲህ በትራምፔት ዘፍነው አያውቁም። ወጥ ቤት ውስጥ ከካሴት ጋር ብቻ ነው የሚያንጎራጉሩት።

“ካሴቱ አይጠብቀኝም” አሉ። “እኔ ሳረጅ እሱ ያው ነው።”

ከዚያ ከፌስታላቸው ካሴት አወጡና፣ “ልጆቹ ይችላሉ?” አሉኝ።

እኔ የማይችሉት ነገር እንዳለ አይታየኝም ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ሰሌዳውን ሞላሁት። ለልጆቹ እንዲህ ብዬ አስረዳሁ፦ ይህ ዘፈን የሚሄደው በአምስት ድምፅ ነው፤ የእኛም ትዝታ አምስት ነው። እንዲያውም አምስቱ ያው አምስቱ ናቸው። ልዩነቱ ማረፊያው ላይ ነው። እኛ ስንዞር ውለን የምንገባበት ቤት አንድ ነው፤ እነሱ የሚገቡት ጎረቤት ነው።

አልገባቸውም፤ ወይም ጆሯቸው ገብቶት ከንፈራቸው እንቢ አለ። በየስንኙ መጨረሻ እየዞሩ ወደ ትዝታ ይገባሉ። እትዬ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው በሣቅ ይንፈራፈራሉ።

“አንኮራ!” ይላሉ። እንደገና ማለት ነው። ትምህርታቸው በሙሉ በዚች ቃል ነበር።

የስንኝ ማብቂያ ላይ ድምፅ የሚታጠፍበት አለ፤ የሉክ ቱንግ ዘፋኝ የሚታወቀው በዚያ ነው። ድምፁ ሊያርፍ ሲል ይሰበርና ሦስት ጊዜ ይጠመዘዛል። ይህን በሰሌዳ ለመጻፍ ሞክሬ ሲያቅተኝ፣ እትዬ ተነሡና የልጅቷን እጅ ያዙ። አንጓዋ ላይ በጣታቸው ቶሎ ቶሎ መታ መታ መታ አደረጉ። ልጅቷ ነፋች። “አንኮራ።” ነፋች። በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው ድምፁ ታጠፈ።

ማረፊያውን ቀስ በቀስ ለመዱት። ያልለቀቃቸው ሌላ ስህተት ነበር፤ ይህን ደግሞ የእኛ ልጆች ብቻ የሚሠሩት ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሉክ ቱንግ ትራምፔት በር ከፋች ነው። መጀመሪያ ይጮሃል፣ እንግዳዋን ያስገባል፣ ከዚያ ከበሩ ዞር ይላል። እሷ ስንኟን ስትጨርስ ይመልስላትና እንደገና ዞር ይላል። የእኛ ሙዚቃ ግን እንደዚያ አይደለም። ማሲንቆ አዝማሪውን ጥሎት አይሄድም፤ ያለውን እያለ፣ የወደቀበት እየወደቀ ይከተለዋል። ልጆቹ ከእናቶቻቸው ካሴት የሰሙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ እትዬ አፋቸውን ሲከፍቱ አራቱም ከሥራቸው ሥራቸው ይነፉ ጀመር።

ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ዘፋኝ ሲዘፍን ጥሩምባ ዝም ይላል። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

ወንዶቹ ተዉ። ልጅቷ ግን አልሆነላትም። እትዬ ሲዘፍኑ እሷ የትራምፔቱን አፍ ወደ ወለል አድርጋ፣ የሚሰማ በማይመስል ድምፅ ትከተላቸዋለች። መዳፌን አነሣለሁ፤ “ተይ” ማለት ነው። ትተዋለች። ከሁለት ስንኝ በኋላ ትጀምራለች።

“ምን ሆንሽ?” አልኳት አንድ ቀን።

“ጋሼ፣ ብቻቸውን ሆኑ እኮ።”

“ብቻቸውን መሆን አለባቸው። ዘፋኝ ናቸው።”

“ያስፈራል።”

“ማኤስትሮ፣ ተዋት፤ የአዝማሪ ዘር ናት” አለ ቀልደኛው።

“አንተ ደግሞ የጥሩምባ ነፊ ዘር ነህ” አለችው። “ሂድ፣ ዕድር ይጠራሃል!”

እናቶች ሹራባቸውን ጥለው ሣቁ። በአገራችን ሠፈር ለሠፈር ጥሩምባ የሚነፋው የሰው ሞት ለመንገር ነውና፣ አንዷ አማተበችና፣ “ኧረ ክፉ አታናግሪን” አለቻት።

የእትዬ ድምፅ ሻካራ ነበር። እኔ የዘፈኑ ጠባይ መስሎኝ ለልጆቹም እንደዚያ ብዬ አስረድቼ ነበር። ከገና በኋላ ነው የልጅቷ እናት ለብቻዬ ጠርታ የነገረችኝ። ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ተገኝቷል። ሐኪሞቹ የድምፅ ሣጥኑን በሙሉ ሊያወጡት ነው። ይተርፋሉ፤ ከእንግዲህ ግን ቃል አይወጣቸውም። ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው።

“የአገራቸው አዲስ ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው” አለችኝ። “ሰዎቻቸው ተሰብስበው እዚሁ ምድር ቤት እንዲያከብሩ ቄሱን ለምነዋል። እንግዲህ በዚያ ቀን አንድ ጊዜ በጥሩምባ ልዝፈንና ከዚያ ይውሰዱት ነው የሚሉት። ለአንተ መንገር አፍረው ነው።”

“ለምን ያፍራሉ?”

“ልጆቹ ይፈራሉ ብለው ነዋ። አንተ ልጅ፣ ያደርሱላቸዋል?”

“ያደርሳሉ” አልኩ።

ከዚያ በኋላ ልምምዱን ጨመርነው። ሁዳዴ ገባ። ከእናቶቹ አንዷ፣ “በጾም ጥሩምባ! የት ይደረሳል?” ብላ ልጇን ልታስቀር ነበር። የልጅቷ እናት ግን ሹራቧን ሳትጥል፣ “ሕመምተኛ መጠየቅ ጾም የሚያፈርሰው የት ነው?” አለቻት። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ልጁም በሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ ያውም ቀድሞ።

አንድ ሐሙስ ጠበቅናቸው፤ እትዬ አልመጡም። እሑድም አልመጡም። በማግስቱ የልጅቷ እናት እኔ ከምሠራበት ሪስቶራንቴ ኋላ በር ላይ ሽርጧን ሳታወልቅ ቆማ አገኘኋት።

“ወሰዷቸው” አለችኝ። “ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው። ቀጠሮ ምናምን አልተባለም፤ ያኑ ሌሊት ቀደዷቸው። አለቀ።”

ሳህኔን ወደማጠብ ተመለስኩ። 

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ቤት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባም። ወንድሜ የሞተው እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። በአብዮት ጠላትነት ነው የገደሉት። ለእናቴ ማልቀስ እንደማይፈቀድላት ተነገራት። ድንኳን አልተተከለም፣ ጥሩምባ አልተነፋም። ጎረቤት አንድ በአንድ እየመጣ፣ ጥቂት ተቀምጦ፣ ጉልበቷን ነካ አድርጎ ይወጣ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀምጣለች። ዝምታ የሚባለውን የማውቀው ከዚያ ቤት ነው። ታዲያ ሰሌዳ ላይ ዝም በሉ ብዬ ስጽፍና ከሥሩ ሳሰምር፣ ልጅቷ ያስፈራል ያለችኝ ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። አስተማሪ ግን የሚፈራውን ነገር ይቆጥረዋል፤ አራት ምት፣ ስምንት ምት እያለ። ሲቆጠር የሚያንስ ይመስላል።

ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ መስኮታችን ላይ ያ ጫማ ቆመ።

እትዬ ከስተው ነበር። አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመዋል፤ ከሻሹ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ነው የሚተነፍሱት። ስትገባና ስትወጣ ትንፋሻቸው ትሰማለች። እናቶቹ ተነሥተው ከበቧቸው፤ አንዷ እጃቸውን፣ አንዷ የሻሻቸውን ጫፍ ይዛ። እኔ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ያዘጋጀሁትን ንግግር በሙሉ ረሳሁት።

“ድግሱን እንተወው” አልኳቸው። “ልጆቹ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ነገር ይጫወታሉ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሆንም። ጣታቸውን ወደ አራቱ ልጆች ዘረጉ። ከዚያ ወደ ራሳቸው አፍ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው። በቃ እንደተባለው ነው ማለታቸው ነበር።

የበዓሉ ቀን ምድር ቤቱ በታይላንድ ሴቶች ሞላ። እንደእኛዎቹ የሰው ቤት የሚሠሩ፣ ጣሊያን ያገቡ፣ ልጅ ያዘሉ ነበሩ። ልማዳቸው በዚያ ቀን ወጣቱ በታላላቆቹ እጅ ላይ አበባ የተነከረበት ውሃ ማፍሰስ ነው። እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም በተራ እያፈሰሰ አለፈ። የእኛም እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ተሰለፉ። አንድ ሽማግሌ ትንሽ ከበሮ ጭኑ መሐል ይዞ ተቀመጠ።

እትዬ እጃቸውን አደራረቁና ተነሡ። ልጆቹን ከኋላቸው አድርገው ቆሙ።

ልጆቹ በር ከፈቱ። እንደዚያን ቀን ነፍተው አያውቁም፤ ማረፊያውን አልሳቱም። ድምፃቸው ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ አንድ ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። የመጀመሪያው ስንኝ ደረሰ፣ ከበሮው ብቻ ቀረ፣ እትዬ አፋቸውን ከፈቱ።

ከወለሉ በኩል ያ ቀጭን ድምፅ ተነሣ። ልጅቷ ናት። ስንኙን ከነመታጠፊያው ታውቀዋለች፤ በዚያ ሁሉ ወር እየሰረቀች የተማረችው በሙሉ በከንፈሯ አለ። የጻፍኩት ቢፈርስም ልተዋት ፈለግኩ። እጄን አላነሣሁም።

ያነሡት እትዬ ናቸው። ዞር ሳይሉ መዳፋቸውን ወደኋላ ዘረጉ። እኔ ወራት ሙሉ ያነሣሁት መዳፍ ነው። ተይ።

ተወች።

እትዬ ዘፈኑ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ደረታቸው ይሞላል፤ የሚሰማው ግን ከሻሹ ሥር የምትወጣው ትንፋሽና ከበሮው ብቻ ነው። ሴቶቹ ቃሉን ስለሚያውቁት ዓይናቸው ከከንፈራቸው ጋር ይሄድ ነበር። ማንም ግን በድምፁ አልተቀበላቸውም። ስንኙ አለቀ፣ ልጆቹ በሰዓቱ መለሱላቸው፤ ዞር አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ያቺ ቦታ የእሳቸው ነበረች፤ ባዶም ብትሆን።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሻቸው አልበቃም። ትከሻቸው ወረደ፤ አፋቸው በመሐል ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና ልጅቷን አዩዋት።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ እጄን አየሁት። ለ“ተይ” ምልክት ነበረን፤ ለ“ንፊ” ምልክት አልነበረንም። ያን ሁሉ ሰሌዳ ስሞላ ይህን አላሰብኩትም። ከበሮው ይሄዳል፤ ምቱ ያልፋል።

በመጨረሻ ትራምፔቱን ራሷ አነሣች። ከስንኙ መጀመሪያ አልጀመረችም፤ ዘፈን ወደኋላ አይመለስም። የእትዬ ድምፅ ቢኖር ኖሮ በዚያች ሰዓት ከሚደርስበት ቦታ ላይ ገባች። እትዬ አፋቸውን ዘግተው ሰሟት። ግማሹ ስንኝ ባዶ ሄደ፣ ግማሹ በእሷ ትንፋሽ ሞላ። ወንዶቹ መለሱላት፤ አለቀ።

ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ቀልደኛው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የትራምፔቱን ቁልፎች ያለ ምክንያት ይጠርግ ነበር።

እትዬ ልጅቷ ዘንድ ሄዱ። የሚያቅፏት መስሎን ነበር። እጇን ያዙና አንጓዋ ላይ መታ መታ መታ አደረጉ፤ ሦስት። እሷ ያጠፈችው ሁለት ጊዜ ነበር። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ባይኖረውም ሁላችንም ለየነው። አንኮራ።

እያለቀሰች ነፋች። ስታለቅስ ከንፈር አይጠብቅምና ድምፁ ተሰበረባት። አንጓዋን አልለቀቁም። እንደገና ነፋች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለ“ንፊ” ምልክት አበጀን፤ እጅን ጨብጦ ወደ ፊት መክፈት። ሰሌዳው ላይም ጻፍኩት። የእትዬ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሆስፒታል ተመልሰው ገብተው ነበርና። የሮማ በጋ ሳያልቅ የልጅቷ እናት ምድር ቤቱ ገብታ፣ ወንበሩን አንሥታ፣ ከሌሎቹ ጋር ደርድራ ተቀመጠች። እትዬ እንዳረፉ በዚያ አወቅን።

ያን ዕለት ልምምዳችንን በዚያው ዘፈን ጀመርን። በር ከፈቱ። ስንኙ ሲደርስ ልጅቷን አየኋት፤ ምልክቱን ግን አልሰጠኋትም፣ እሷም አልጠበቀችውም። ትራምፔቷን አውርዳ የእትዬን ስንኝ በከንፈሯ ትቆጥር ነበር።